ተሸናፊ ቡድን አጨዋወቱን ሲቀይር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ በ2025 የውድድር ዘመን 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይኸው ቡድን ከዓመት በፊት 12 ጨዋታ አሸንፎ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ ፍጻሜ፣ ለመግባት አንድ ድል ብቻ ቀርቶት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ሆኗል፤ «አጨዋወቱ ይቀየር!» እንላለን። እኔም ይቀየር ከሚሉት ነኝ። ግን ይህ ቡድን ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ቀይሯል፤ አብዛኛውን ጊዜም በተመሳሳይ ስህተት ወድቋል። አጨዋወት እንደ ልብስ ነው፣ በለባሹ ልክ ይሰፋል። ስህተቶቹን ያየሁት በዚህ ዓይን ነው።

ስልቱን መርጦ ሰውን በግድ ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ይመስለኛል። በ2009 ዋሽንግተን አልበርት ሄይንስወርዝን በ7 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመ። ሄይንስወርዝ ቴነሲ እያለ የተጋጣሚን መስመር ሰብሮ የሚገባ ግዙፍ ተከላካይ ነበር። ያን ችሎታ ያወጣለት ከፊት 4 ሰው የሚያሰልፈው የመከላከል ስልት ነው። በዚያ ስልት የእሱ ሥራ አንዲት ክፍተት መርጦ እንደ ጥይት መወርወር ነው።

በ2010 ማይክ ሻናሃን አሰልጣኝ ሆኖ መጣና ከፊት ወደ 3 ሰው ቀየረው። ከ4 ወደ 3 መውረድ ለተመልካች ቀላል ቁጥር ነው። ለተጫዋቹ ግን ሌላ ሙያ ነው። መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ከእንግዲህ አይወረወርም። ሁለት ሰው እየገፋው ቦታውን ይዞ ይቆማል፤ ኳስ የያዘውን የሚጥሉት ከኋላው ያሉት ናቸው። ሄይንስወርዝ ይህን አልፈልግም አለ። ከአሰልጣኙ ጋር ዓመቱን ሙሉ ተጣሉ፤ በመጨረሻ ለ4 ጨዋታዎች ታገደ። በ2009 ተጋጣሚ እንዲገፋ በፈቀደው ርቀት (በያርድ የሚለካ ነው) ከሊጉ 10ኛ የነበረው መከላከል በ2010 ወደ 31ኛ ወረደ። ተጫዋቹም ጥፋት ነበረበት፣ አልክድም። ነገር ግን መቶ ሚሊዮን የተከፈለበትን ሰው ከሙያው አውጥቶ ሌላ ሥራ መስጠት የማን ውሳኔ ነው?

የሻምፒዮን ቡድን ወረቀት መገልበጥ

በ2023 የማጥቃቱ ክፍል ለኤሪክ ቢየነሚ ተሰጠ። የመጣው ከካንሳስ ሲቲ ነው፤ እዚያ ሁለት ሱፐር ቦውል በልቷል። ተስፋችን ሰማይ ነክቶ ነበር። ካንሳስ ሲቲ ግን ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውና የጨዋታው መሪ፣ ፓትሪክ ማሆምስ አለው። ዋሽንግተን የነበረው ሳም ሃዌል ነው፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ በፊት በሊጉ የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከፊቱ ቆሞ እሱን የሚጠብቀው መስመርም ደካማ ነበር። ይህን ወጣት 612 ጊዜ አስወረወሩት፤ በሊጉ ያን ያህል የወረወረ አልነበረም። ኳስ እንደያዘ 65 ጊዜ መሬት ላይ ተጣለ። የወረወረውን ኳስ 21 ጊዜ ተጋጣሚ ያዘበት። ውጤቱ 4 ድል፣ 13 ሽንፈት ሆነ።

አንድ ልጅ ሳምንት በሳምንት እንደዚያ ሲወድቅ ማየት ያማል። መስመሩ 3 ሰከንድ መያዝ ካልቻለ ኳሱ በፍጥነት ይውጣ፣ ወይም ይሩጡበት። በቀጣዩ ዓመት ክሊፍ ኪንግስበሪ ሲመጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። አዲሱ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ሯጭ ነው፤ ስለዚህ እግሩን የሚጠቀም አጨዋወት ተሰፋለት። በመጀመሪያ ዓመቱ 891 ያርድ ሮጠ። የ12ቱ ድል ምሥጢር አንዱ እዚህ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማፍረስ

ስለ ለውጥ ሲወራ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ማያሚ ዶልፊንስ ነው። በ2007 ከ16 ጨዋታ ያሸነፉት 1 ብቻ ነበር። በ2008ም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተሸነፉ። ሦስተኛው ጨዋታ ከኒው ኢንግላንድ ጋር፣ በባላጋራው ሜዳ ነው። ኒው ኢንግላንድ በመደበኛው ውድድር 21 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር።

ማያሚ የስልት መጽሐፉን ሁሉ አልቀደደም። የኳርተርባኮቹ አሰልጣኝ ዴቪድ ሊ ከአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣውን አንድ አሰላለፍ ብቻ ጨመረ። ኳርተርባኩ ቻድ ፔኒንግተን ዳር ሄዶ ይቆማል። ኳሱ በቀጥታ ለሯጩ ለሮኒ ብራውን ይሰጣል። ሪኪ ዊሊያምስ ከጎን እየሮጠ በፊቱ ያልፋል። ብራውን ይሰጠዋል ወይስ ይዞ ይገባል? ተከላካዩ እስኪያውቅ ጊዜው ያልፋል። ይህን ያደረጉት 6 ጊዜ ብቻ ነው። ከ6ቱ 4ቱ ታችዳውን ሆኑ፤ ኳሱ የባላጋራው መጨረሻ መስመር ገባ ማለት ነው። ጨዋታው 38 ለ 13 አለቀ። ማያሚ በዚያ ዓመት 11 አሸንፎ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የጥሎ ማለፉ ዙር፣ ገባ።

ሌላም ነገር ያስተምራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባልቲሞር መልሱን ይዞ መጣና አሰላለፉን ዘጋው። በዚህ ሊግ አዲስ ነገር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሁሉም በቪዲዮ ያየዋል። አንዲት ዘዴ ሠራች ብሎ ቤት መሥራት አይቻልም።

በየዓመቱ ቋንቋ መቀየር

አዲስ የማጥቃት አሰልጣኝ ሲመጣ ቃላቱ ሁሉ ይቀየራሉ። አምና በአንድ ስም የተጠራው ሩጫ ዘንድሮ ሌላ ስም አለው። አሰልጣኙ በኳርተርባኩ ሄልሜት ውስጥ በሬዲዮ ያወራል። ኳሱን ለማስጀመር የተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው። በዚያች ቅጽበት ቃል የሚተረጉም ሰው ዘገየ ማለት ነው። ኳርተርባኩ አሌክስ ስሚዝ ሳን ፍራንሲስኮ እያለ በ7 ዓመት 7 የማጥቃት አሰልጣኝ ተፈራርቀውበታል። ብዙዎች አይረባም ብለውት ነበር። አሰልጣኝ ጂም ሃርባው መጥቶ ነገሩ ሲረጋጋ ግን በ2011 ቡድኑ 13 አሸነፈ። ኋላ ዋሽንግተን የመጣው ስሚዝ ያው እሱ ነው።

ማጥቃቱን ሲቀይሩ መከላከሉን መርሳት

ይህን በአጭሩ ልበለው። አሰልጣኝ ቺፕ ኬሊ ፊላደልፊያን ከ2013 ጀምሮ በጥድፊያ አጫወተ። መጀመሪያ ላይ አስደናቂ ነበር። ግን ኳሱ ቶሎ ሲሄድ ቶሎ ይመለሳል። ተከላካዮቹ ከ60 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ33 ደቂቃ በላይ ሜዳ ላይ ነበሩ። ታኅሣሥ ሲደርስ እግር ይዝላል። ኬሊ በ2015 ወቅቱ ሳያልቅ ተባረረ።

ስልቱን ሁሉ በአንድ ሰው አካል ላይ መጫን

ይህን የምጽፈው ከልብ ስለሚያንገበግበኝ ነው። በ2012 ዋሽንግተን ለኳርተርባኩ ለሮበርት ግሪፈን የሚሆን አጨዋወት ሠራለት፤ በዩኒቨርሲቲ የለመደውን። ተከላካዩን በዓይኑ ያያል፣ በቅጽበት ወይ ለሯጩ ይሰጣል ወይ ራሱ ይሮጣል። 3 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን ቀጥሎ 7 በተከታታይ አሸነፈ። ከተማው አበደ። በታኅሣሥ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተመታ። አንድ ጨዋታ አርፎ ተመለሰ።

ጥር 6 ቀን 2013 ከሲያትል ጋር በፕሌይኦፍ ተገናኙ። ዋሽንግተን 14 ለ 0 መርቶ ነበር። ግሪፈን ገና በመጀመሪያው ሩብ ማነከስ ጀመረ። አላስወጡትም። በአራተኛው ሩብ ከመሐል የተላከለት ኳስ ዝቅ ብሎ መጣ። ለማንሳት ጎንበስ ሲል ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ወደ ጎን ታጠፈ። ኳሱ መሬት ላይ ነበር፤ እሱም አጠገቡ። ሲያትል 24 ለ 14 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ዋሽንግተን 3 ብቻ አሸነፈ።

ኅዳር 2 ቀን 2025 ሲያትል ወደዚያው የዋሽንግተን ሜዳ፣ ላንዶቨር፣ መጣ። በአራተኛው ሩብ ውጤቱ 38 ለ 7 ነበር፤ ጨዋታው አልቋል። ጄይደን ዳንኤልስ ግን ገና ሜዳ ላይ ነው፣ ለታችዳውን እየሮጠ። ሲወድቅ የግራ ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን ጥፋቱን በአደባባይ በራሱ ወሰደ። ዳንኤልስ በዚያ ዓመት የተጫወተው 7 ጨዋታ ብቻ ነው።