ፈጣን ልብ ሲገጥመኝ የመጀመሪያውን ድምፅ ከሁለተኛው የምለይበት መላ

ልብ ቀስ ብሎ ሲመታ ችግር የለም፤ ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ያለው ዝምታ ስለሚረዝም ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲሆን ግን ሁለቱ ክፍተቶች ይመሳሰላሉ፤ ማርመሩ (በልብ ምት ድምፆች መካከል የሚሰማው ተጨማሪ ድምፅ) የሲስቶል (ልብ ሲኮማተር) ይሁን የዳያስቶል (ልብ ሲላላ) ግራ ይገባል። የእኛ ተመላላሽ ክፍል መስኮት ደግሞ ወደ ቸርችል ጎዳና ነው፤ የታክሲ ረዳቶችን ጩኸት ማንም ያውቀዋል።

መላው ያለው ጣት ላይ ነው። እያዳመጥኩ አንገት ላይ አንዱን ካሮቲድ (የአንገት ደም ቧንቧ) በሁለት ጣት ቀስ ብዬ እነካለሁ። ከትርታው ጋር አብሮ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ በልብ የላይና የታች ክፍሎች መካከል ያሉት የሚትራልና የትራይከስፒድ ቫልቮች መዘጋት። የእጅ አንጓ ትርታ ዘግይቶ ስለሚደርስ ለዚህ አይሆንም።

የከበደኝ ቤሉ፣ ማለትም የማዳመጫው ጎድጓዳ ጎን፣ ነበር። አገራችን ውስጥ ቫልቮችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ የሚትራል ቫልቭ ጥበትን ድምፅ ሳይሰሙ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል። ቤሉን ጠበቅ አድርገው ከጫኑት ቆዳው ተወጥሮ እንደ ዲያፍራም (የማዳመጫው ጠፍጣፋ ጎን) ይሠራል፣ ወፍራሙ ድምፅም ይጠፋል። አሁን እንዲሁ አሳርፈዋለሁ፦ «እማማ፣ እስቲ በግራ ጎንዎ ይተኙልኝ፤ ትንፋሽዎን ያስወጡና ያዝ ያድርጉት።» ያኔ የልብ ጫፍ ላይ፣ ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ጉርምርምታ ይመጣል።

ሁለተኛው ድምፅ አየር ሲስቡ ለሁለት ተከፍሎ ሲያስወጡ አንድ ላይ ቢገጥም፣ በተለይ በወጣቶች፣ ጤናማ ነው። በሁለቱም ጊዜ ተከፍሎ ከቀረ ግን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አዛለሁ።