ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ወደ ኋላ ሲቀር፦ የተሰሚነት ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ከተፎካካሪዎቹ በታች ሲውል ባለቤቱ በአብዛኛው «ድረ ገጻችን ገና ተሰሚነት (ሌሎች ድረ ገጾች በሊንክ ሲጠቅሱት የሚያገኘው ከበሬታ) ስለሌለው ነው» ብሎ ይደመድምና ሊንክ ወደ ማሰባሰብ ይገባል። ድምዳሜው ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በተሰሚነት ማነስ ከሚሳበቡት ችግሮች ብዙዎቹ ሌላ መንስኤ ስላላቸው፣ ጊዜና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምልክቱን መለየት ይገባል።

ለዚህ ደግሞ የተሰሚነትን መነሻ ማወቅ ይጠቅማል። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የቀመሩትና በ1998 እ.ኤ.አ. በጥናታዊ ጽሑፍ ያስተዋወቁት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት፣ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያመራን ሊንክ እንደ ድምፅ ይቆጥራል። የድምፁ ክብደት የሚወሰነው ድምፅ ሰጪው ገጽ ራሱ ባገኛቸው ሊንኮች ሲሆን፣ ያም ክብደት ከገጹ ለሚወጡት ሊንኮች ይከፋፈላል። ስሌቱ የሚሠራው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እንጂ በድረ ገጹ ላይ በጅምላ አይደለም። ጉግል ድረ ገጹን በጥቅሉ የሚያዩ አንዳንድ መመዘኛዎችም እንዳሉት ይገልጻል፤ ሆኖም ደረጃ የሚሰጠው በዋናነት ገጽን ከገጽ እያወዳደረ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት መፍትሄዎች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሣሉ።

ምልክት፦ የተሰሚነት ነጥቡ ወርዷል፣ ጎብኚው ግን አልቀነሰም

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ይህ ቢሆንም፣ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሞዝ የተባለው የፍለጋ መሣሪያዎች ኩባንያ ከ1 እስከ 100 የሚሰጠው «ዶሜይን ኦቶሪቲ» እና እርሱን የመሰሉ ነጥቦች፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከሰበሰቡት የሊንክ መረጃ የሚያሰሏቸው ግምቶች ናቸው፤ ጉግልም ይህን ነጥብ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በተደጋጋሚ አስታውቋል። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ ከ20 ወደ 30 መውጣት ከ70 ወደ 80 ከመውጣት እጅግ ይቀላል፤ አንጻራዊም ስለሆነ የእርስዎ ሊንክ ሳይነካ ሌሎች በማደጋቸው ብቻ ነጥብዎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በነጥቡ ፈንታ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል በተባለ መከታተያ ላይ ያለውን የክሊክና የዕይታ ብዛት ካለፉት ወራት ጋር ያመሳክሩ። ነጥቡ የሚጠቅመው ለተመሳሳይ የፍለጋ ቃል ከሚፎካከሩዎት ድረ ገጾች ጋር ራስዎን ለማነጻጸር ብቻ ነው።

ምልክት፦ ገጹ ጨርሶ በፍለጋ አይወጣም

ይህ የተሰሚነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የምዝገባ ጉዳይ ነው። የገጹን አድራሻ በሰርች ኮንሶል የአድራሻ መመርመሪያ ውስጥ ያስገቡና ገጹ በጉግል ማውጫ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። ካልገባ፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ገጹ በማውጫው እንዳይገባ የሚከለክለው የ«ኖኢንዴክስ» ትእዛዝ ተረስቶ እንደሆነ፣ የፍለጋ ሞተሮች የት መግባት እንደሚችሉ የሚነግረው የሮቦትስ ፋይል መንገዱን ዘግቶ እንደሆነ፣ ወይም ከተመሳሳይ ገጾች ዋናውን የሚያመለክተው የካኖኒካል ምልክት ሌላ ገጽ ይጠቁም እንደሆነ ይመልከቱ።

ምልክት፦ የፊት ገጹ በደህና ደረጃ ላይ አለ፣ የውስጥ ገጾቹ ግን ከሩቅ ናቸው

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለውና ዋጋው ከሁሉ የሚያንሰው ጥገና እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጡ ሊንኮች በአብዛኛው የሚያርፉት በፊት ገጹና ብዙ በተነበቡ ጥቂት ጽሑፎች ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህ ገጾች ወደ ሌሎቹ የሚያደርስ የውስጥ ሊንክ ከሌለ የተገኘው ክብደት እዚያው ይቀራል። በድረ ገጹ ውስጥ ማንም የማይጠቁመው ገጽ፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢዳብር፣ ለፍለጋ ሞተሩ አስፈላጊነቱን የሚናገርለት የለም።

በቅድሚያ በሰርች ኮንሶል የሊንክ ሪፖርት ላይ ከውጭ ብዙ ሊንክ ያገኙትን ገጾች ይለዩ። ከዚያም ከእነዚህ ገጾች የጽሑፍ አካል ውስጥ፣ ከርእሰ ጉዳዩ ጋር በእውነት በሚገናኝበት ቦታ፣ ደካማ ወደሆኑት ነገር ግን አስፈላጊ ወደሆኑት ገጾች ሊንክ ያስገቡ። ሊንኩ የሚታይበት ጽሑፍ «እዚህ ይጫኑ» ከሚል ይልቅ የመድረሻውን ገጽ ጉዳይ የሚገልጽ ይሁን፤ ጉግል የገጹን ይዘት ለመረዳት ይህን ጽሑፍ ይጠቀምበታልና። ሊንኩ በተለመደው የኤችቲኤምኤል አሠራር አድራሻ የያዘ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ሲጫኑት በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚከፈት ቁልፍ ጎብኚውን ቢያደርስም ጉግል ላይከተለው ይችላል። በተጨማሪም ስለ አንድ ጉዳይ ሦስትና አራት ተቀራራቢ ገጾች ካሉ፣ ምርጡን አስቀርተው የሌሎቹን ይዘት ወደ እርሱ ያዋህዱና አድራሻዎቻቸውን ወደ እርሱ ያዙሩ፤ በየገጹ የተበተነው ድምፅ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በማግስቱ ተስፋ አይቁረጡ።

ምልክት፦ ድረ ገጹ ከታደሰ ወይም ዶሜይኑ ከተቀየረ በኋላ ደረጃው ወርዷል

ጥቂት መዋዠቅ የሚጠበቅ ነው፤ ውድቀቱ ሳይመለስ ከቆየ ግን መንስኤው ብዙ ጊዜ ሊንክ የነበራቸው የቀድሞ አድራሻዎች መጥፋታቸው ነው። ሁሉንም የቀድሞ አድራሻ በጅምላ ወደ ፊት ገጹ ማዞር መፍትሄ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉግል እንዲህ ያለውን ማዞር እንደ ጠፋ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ እያንዳንዱን የቀድሞ አድራሻ ከአዲሱ አቻው ጋር በ301 ሪዳይሬክት (ጎብኚውን ወደ አዲሱ አድራሻ በቋሚነት በሚያዞር ትእዛዝ) ማገናኘት ነው። የቀድሞዎቹን ዝርዝር ከሰርች ኮንሶል፣ የገጾቹን አድራሻ ከሚዘረዝረው ከአሮጌው የሳይትማፕ ፋይልና ከሰርቨሩ መዝገብ መልሶ ማግኘት ይቻላል። ጉግል ሪዳይሬክቱ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል፤ ከተቻለ ግን ፈጽሞ ባይነሣ ይሻላል።

ምልክት፦ ብዙ ሊንክ ተገኝቷል፣ ደረጃው ግን አልተነቃነቀም

እዚህ ላይ ሊንኮቹ ከየት እንደመጡ በቅንነት መጠየቅ ያስፈልጋል። የተገዙ ከሆኑ ድርጊቱ የጉግልን ደንብ ይጥሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾችን ወደ ታች ይጥል ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፔንግዊን የዋናው ቀመር አካል ሆኖ፣ በአብዛኛው የሐሰት ሊንኮቹን ዋጋ ያሳጣቸዋል። ገዢው ሳይቀጣም ገንዘቡ ይባክናል ማለት ነው። በኮዳቸው ውስጥ «ኖፎሎው» (አትከተለው) ወይም «ስፖንሰርድ» (የተከፈለበት) የሚል ምልክት የተደረገባቸው ሊንኮችም ክብደት እንዲያስተላልፉ ታስበው የተቀመጡ አይደሉም።

በሰርች ኮንሶል ውስጥ የጉግል ሠራተኛ መርምሮ የጣለው ቅጣት መኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ካለ፣ ሊንኮቹን ያስነሡ፣ የማይነሡትን ጉግል እንዳይቆጥራቸው በሚጠየቅበት የመካጃ መሣሪያ ይካዱና የዳግም ምርመራ ጥያቄ ያቅርቡ። ማስታወቂያ ከሌለ መሣሪያውን ባይነኩት ይመረጣል፤ ጤናማ ሊንክን በስሕተት መካድ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሏል፣ ገጹ ግን ከነባሮቹ በታች ተቸንክሯል

እውነተኛው የተሰሚነት ማነስ የሚገኘው እዚህ ነው። ለማረጋገጥ በሚፈልጉት ቃል ፈልገው የመጀመሪያዎቹን 10 ውጤቶች ይመርምሩ። ከመካከላቸው ጥቂት ሊንክ ያላቸው ትናንሽ ድረ ገጾች ካሉ የእርስዎ ጉድለት የይዘት ነው፤ ሁሉም ዓመታት ያስቆጠሩና ከየአቅጣጫው የሚጠቀሱ ከሆኑ ግን ለጊዜው ጠበብ ያለ ጥያቄ ይምረጡና ለእርሱ ከማንም የተሟላ መልስ ያዘጋጁ። ጎን ለጎንም ሌሎች ጸሐፊዎች ሊጠቅሱት የሚገደዱበትን ነገር ይሥሩ፤ ራስዎ የለኩት መረጃ፣ በነጻ የሚሠራ ማስሊያ፣ ወይም በሌላ ቦታ ተሟልቶ የማይገኝ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ሥራ የሚቀመጥበት ገጽም ከዋና ገጾችዎ ጋር በውስጥ ሊንክ የተሳሰረ ይሁን።