የመድረክ ሞኒተር ሳይጮህ በደንብ እንዲሰማ እንዴት ይስተካከላል?

ድምፃዊ መድረክ ላይ ወጥቶ ቀድሞ የሚናገረው ነገር ያው ነው፦ «ወንድሜ፣ ሞኒተሩን (ድምፁን ለራሱ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ጨምርልኝ፣ ራሴን አልሰማም።» ስትጨምሩለት ከሞኒተሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ይገባና ሲስተሙ ያፏጫል፤ ፊድባክ የሚባለው ይህ ነው። ስትቀንሱ እሱ ይቸገራል፣ ከቅኝት ይወጣል። በሠርግ አዳራሽም፣ በመዝሙር ዝግጅትም፣ በትንሽ ክለብም ይህን ያላየ የድምፅ ባለሙያ የለም። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ያለው ሙሉውን ድምፅ ሳይሆን የሚጮኸውን ክፍል ብቻ በመቀነስ ውስጥ ነው።

ኢኮላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ከመንካታችሁ በፊት ስፒከሩን አስቀምጡ። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ካርዲዮይድ ማይክ (በዋናነት ከፊቱ የሚሰማ) ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ በጣም በጥቂቱ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ሞኒተሩ ከማይኩ ጀርባ ይሁን፣ ፊቱም ወደ ድምፃዊው ጆሮ ቀና ይበል። ሱፐርካርዲዮይድ (ከፊቱ ይበልጥ አጥብቦ የሚሰማ ማይክ) ከሆነ ግን ይለያል። እሱ ልክ ከጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ የሚደነቁረው ከፊቱ 120 ዲግሪ ገደማ ዞር ሲባል ነው። ለሱ ሞኒተሩን ወደ ጎን ውሰዱት። ይህችን እርምጃ የትኛውም ማሽን አይተካትም።

ቀጥሎ ሚክሰሩ ላይ ጌይኑን (የማይኩን የመግቢያ ጉልበት) አስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ አትነካኩት። ሞኒተሩን የሚመግበውን ኦክስ (ለሞኒተር የተለየ መውጫ) ፕሪ-ፌደር አድርጉት፤ ማለትም ለአዳራሹ ድምፅ የሚጨምረው ተንሸራታች ቁልፍ (ፌደር) አይንካው። ፖስት-ፌደር ከሆነ ለአዳራሹ በጨመራችሁ ቁጥር ሞኒተሩም አብሮ ይጨምራል፤ ሳታስቡት ይጮኻል።

ሃይ-ፓስ ፊልተሩን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጠውን) 100 ወይም 120 ኸርዝ ላይ አስገቡ። ለድምፃዊ ሞኒተር ከዚያ በታች ያለው አይጠቅምም። የአዳራሹ ሰብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ጉርምርምታ መድረኩ ላይ ቀድሞውኑ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። በሞኒተሩ መውጫ ላይ ባለ 31 ባንድ ግራፊክ ኢኮላይዘር (ድምፁን 31 ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን በራሱ ቁልፍ የሚያስተካክል) አስገቡ፤ ብዙ ዲጂታል ሚክሰሮች ውስጣቸው አላቸው። ሁሉም ባንድ ዜሮ ላይ ይሁን። ማይኩን ድምፃዊው በሚቆምበት ቦታ አቁማችሁ ክፈቱና ሞኒተሩን በጣም በቀስታ ጨምሩ። ማላዘን ሲጀምር እጃችሁን አቁሙና አዳምጡ።

የትኛው ፍሪኩዌንሲ (በኸርዝ የሚለካ የድምፅ ቅጥነት) እንደሚጮህ ለመለየት የራሳችን ፊደል ያግዛል። ጩኸቱ «ኡ» የሚል ከመሰላችሁ 250 ኸርዝ አካባቢ ፈልጉ። «ኦ» ከሆነ 500፣ «ኣ» 1000፣ «ኤ» 2000፣ «ኢ» ደግሞ 4000 ገደማ ነው። በትክክል ባይገጥም እንኳ ፍለጋውን ያጠብላችኋል። ባንዱን ስታገኙት 3 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ዝቅ አድርጉ፣ ካልበቃ 6። እንደገና ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ ቀጣዩን ያዙ።

አራት ወይም አምስት ባንድ ላይ ቁሙ፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንድ ሠርግ ላይ 14 ባንድ ቆርጬ ነበር። ፉጨቱ ጠፋ፤ የዘፋኙም ድምፅ አብሮት ጠፋ። በስልክ የሚያወራ ይመስል ነበር፣ ቃላቱ አይለዩም። እሱ ደግሞ «ጨምር፣ ጨምር» ማለቱን አላቆመም። በብዙ ባንድ ላይ መቁረጥ ሙሉውን ሞኒተር እንደ መቀነስ መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው። በተለይ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ላይ ተጠንቀቁ፤ የቃላት ጥራት ያለው እዚያ ነው። ከአምስት በላይ መቁረጥ ካስፈለጋችሁ ወደ ስፒከሩና ወደ ማይኩ አቀማመጥ ተመለሱ።

የማያስፈልግ ማይክ ዝጉ። የተከፈቱት ማይኮች በእጥፍ ሲበዙ ሳይጮህ ልትጨምሩ ከምትችሉት ድምፅ 3 ዲሲቤል ያህል ታጣላችሁ። ከስምንቱ አራቱን መዝጋት ያንኑ ይመልስላችኋል።

የባህል መሣሪያ ካለ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የማሲንቆ ቆዳ ከሞኒተሩ ድምፅ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥበትን ፍሪኩዌንሲ በማሲንቆው ቻናል ላይ በጠባብ ፊልተር ቁረጡት፤ የፖላሪቲ ቁልፉንም (የድምፁን ሞገድ ፕላስና ማይነስ የሚያገላብጠውን) ገልብጣችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዴ ይረዳል። አውቶማቲክ የፊድባክ ማጥፊያ ደግሞ ለዋሽንት አይመከርም። ረጅም የተያዘውን ኖታ ፉጨት መስሎት ሊቆርጠው ይችላል፤ የዋሽንት ውበት ደግሞ እዚያው ረጅም ትንፋሽ ላይ ነው።

ሞኒተር ላይ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለ ድምፅን እየጨመቀ ዝቅ የሚያደርግ) አታድርጉ። ዘፋኙ ዝም ባለ ጊዜ ኮምፕረሰሩ ይለቅና ድምፁን መልሶ ያነሳል፤ ያኔ ነው የሚጮኸው። ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚያግድ) ግን አስገቡ፣ ማይክ ሲወድቅ ስፒከሩን ያድናል። በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ላይ ከደረሳችሁበት ከፍተኛ ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት።

በመጨረሻ ሞኒተሩን ሊጮህ ከደረሰበት ልክ 3 ዲሲቤል ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ድምፃዊው የማይኩን ራስ በመዳፉ እንዲሸፍነው ጠይቁት። እንዲህ ሲያዝ ማይኩ አቅጣጫ መለየቱን ያጣል፤ ብዙዎች መድረክ ላይ የሚይዙትም እንዲሁ ነው። ከጮኸ ጥቂት ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። ካልጮኸ ዲጂታል ሚክሰር ያላችሁ ሲኑን (የሚክሰሩን ሙሉ አቀማመጥ) በአዳራሹ ስም ሴቭ አድርጉት፣ አናሎግ ከሆነ ደግሞ የኢኮላይዘሩን ፎቶ በስልካችሁ አንሱት።