የጉንዳን ፎቶ ተነሥቶ ስሙ አልታወቅ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በሳይንስ ስም የወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ስለሆኑ፣ «ትንሽ ጥቁር ጉንዳን» የሚለው መግለጫ ዝርያውን ከፎቶ ለሚለየው ሰው ምንም አይነግረውም። ዝርያው የሚታወቀው በወገቡ፣ በአንቴናውና በፊቱ ነው።

ችግር፦ ፎቶው ደብዛዛ ነው።
ብዙ ሰው እጁን ይወቅሳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ከመጠን በላይ ስለተጠጋ ሌንሱ ፎከስ ማድረግ አቅቶት ነው። ስልኩን ስንዝር ያህል አርቀው በዙም ያቅርቡት። ጉንዳኑ አልቆም ካለ ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ነጭ ወረቀት ላይ ሲያወጡት እግሮቹን ሰብስቦ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ሲሞቀው ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ፍላሽ የጉንዳንን ገላ ስለሚያብለጨልጨው በመስኮት ብርሃን ማንሣት ይሻላል።

ችግር፦ ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ መልሱ ግን «ምናልባት» ነው።
እኔም በስኳር ዕቃዬ ላይ የተሰለፉትን ጉንዳኖች ደጋግሜ ካነሣሁ በኋላ ሁሉንም ከላይ ብቻ እንዳነሣኋቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከላይ ሲታይ ወገቡ ይሸፈናል። ከጎን ሲታይ ግን በደረትና በሆድ መካከል ያለው እብጠት አንድ ወይም ሁለት መሆኑ ይለያል፤ ይህ አንድ ነገር ብቻ ብዙ ወገኖችን በአንድ ጊዜ ከጥያቄው ያስወጣል። ፌይዶሌና ሞኖሞሪየም የተባሉት የጉንዳን ወገኖች ሁለት እብጠት ሲኖራቸው፣ ካምፖኖተስና ሌፒሲዮታ የተባሉት ግን አንድ ብቻ አላቸው። ካምፖኖተስን ከሌፒሲዮታ ለመለየት ደግሞ እዚያው ወገብ ላይ ማተኮር ያስፈልጋል፤ የሌፒሲዮታ እብጠት ጫፉ ላይ ሁለት እሾህ መሰል ጥርሶች አሉት፣ አንቴናውም 11 አንጓ ነው። ሌፒሲዮታን ለይቶ ማወቅ ቀላል ግምት የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ አካባቢ በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተጠናውና በ2016 እ.ኤ.አ. የተዘገበው ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለው አገር በቀል ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ግዙፍ መንጋ ይመሠርታል። እነዚህን ምልክቶች ለማሳየት ሦስት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ከጎን፣ ፊት ለፊት ራሱን፣ እና ከላይ።

ችግር፦ ከአንድ ሰልፍ የተነሡት ጉንዳኖች የተለያዩ ይመስላሉ።
ሁለት ዝርያ ነው ብለው አይቸኩሉ። የፌይዶሌ ወታደር ራሱ ከሠራተኛዋ ራስ እጅግ ይተልቃል፤ በገብረ ጉንዳን ሰልፍም ትንንሹና ትልልቁ አብረው ይሄዳሉ። ከትልቁም ከትንሹም ያንሡ። የገብረ ጉንዳን ሠራተኞች ዓይን ስለሌላቸው የፊት ፎቶ ጥርጣሬውን ይቆርጣል።

ችግር፦ መጠኑ አይታወቅም።
በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ አጠገቡ ያስቀምጡ። የጤፍ ፍሬም ለግምት ይረዳል፤ ግን ፍሬው ራሱ ስለሚለያይ ማስመሪያውን አይተካም።

ችግር፦ ከዝናብ በኋላ መብራት የከበበው ክንፋም ምስጥ ይሁን ጉንዳን አይለይም።
አራቱ ክንፎች እኩል፣ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ከሆነ ምስጥ ነው። ጉንዳን የፊት ክንፎቹ ይበልጣሉ፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ አንቴናውም እንደ ክርን ይታጠፋል። ክንፉ ከረገፈ አንቴናውን ይመልከቱ፤ ፎቶውን ሲልኩም የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና ከአፈር፣ ከእንጨት ወይም ከቤት ውስጥ መሆኑን ይጻፉ።