የጋዝ ሲሊንደርና የደጋው ብርድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ነው። መስኮት ይዘጋል፤ የበሩ ስር በጨርቅ ይጠቀጠቃል፤ ምድጃው ከጓሮ ማድ ቤት ወደ ዋናው ቤት ይገባል። በማብሰያ ጋዝ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ብርድ ነው። ከኩበትና ከከሰል ጋር ስላደግን ጠባያቸውን እናውቀዋለን። ጋዝ ግን ሌላ ነው። ጋዝ ሁሉም አንድ አይደለም ደግሞ። ቤትዎ የገባው የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ጥንቃቄዎም ቦታውን ይስታል።

የተፈጥሮ ጋዝንና የሲሊንደር ጋዝን አንድ ማድረግ

በሶማሌ ክልል፣ በካሉብና በሂላላ ስላለው የተፈጥሮ ጋዝ ወሬ ሲሰማ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የቤቱን ሲሊንደር ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሲሊንደራችን ውስጥ ያለው ደግሞ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ሁለቱም የቅሪተ አካል ነዳጆች ናቸው። ፕሮፔንና ቡቴን የሚገኙት ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ፣ ወይም ጥሬው የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት ወጥቶ ሲለይ ነው።

ሚቴንን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ያኔ የሚይዘው ቦታ ወደ 600 እጥፍ ያንሳል። ፕሮፔንና ቡቴን ግን መጠነኛ ግፊት ብቻ ይበቃቸዋል። በባጃጅ ጭነን ቤት የምናስገባቸውም ለዚህ ነው።

ለቤተሰብ ትልቁ ልዩነት ክብደታቸው ነው። ሚቴን ከአየር ይቀላል፤ ካመለጠ ወደ ጣሪያ ይወጣል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ወለል ለወለል እየተሳበ አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ስር፣ የፍሳሽ ቀዳዳ ውስጥ ይተኛል። ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍቶ «ተናፍሷል» ማለት አይበቃም። በሩ ወለል ብሎ መከፈት አለበት። ከወለል ዝቅ ባለ ጓዳ ወይም ደረጃ ስር ሲሊንደር ማስቀመጥም ትልቅ ስህተት ነው። ከአየሩ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ይህ ጋዝ ከሆነ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ብርዱን ፈርቶ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ማንኛውም እሳት ኦክስጅን ይበላል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ነዳጁ በደንብ አይነድም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አይን አያቃጥልም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። ሰው ተኝቶ እያለ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

እኛ ጋ ሌላም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ደህና የሚነድ ምድጃ እዚህ አየር ሊያጥረው ይችላል። ውሃም 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ምድጃው ብዙ ሰዓት ይነዳል፤ ቤቱ ደግሞ ዝግ ነው። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ይህን ሰዓት በብዙ ይቀንሳል።

ነበልባሉን ይመልከቱ። ሰማያዊና የተረጋጋ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ የሚወላወል ከሆነና ድስቱን ጥላሸት ካስያዘ በደንብ እየነደደ አይደለም። አንዳንዴ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምድጃው ቀዳዳዎች በፈሰሰ ወጥ ተደፍነው ይሆናል። ከተጸዳ በኋላም ቢጫ ከሆነ ባለሙያ ይየው።

የጋዝ ምድጃ ለክፍል ማሞቂያ አልተሠራም። ከሰልማ ይብሳል። ከላዩ አመድ ለብሶ ፍሙ ብቻ የቀረ ከሰል ጭስ ስለሌለው «አልፎለታል» ተብሎ መኝታ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድን በብዛት የሚያወጣው ግን እንዲህ ያለው ፍም ነው። ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲመጣ «ምች ነው፣ ብርድ መታኝ» ይባላል። ቤት ውስጥ ያደሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ምች አይደለም። ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡና ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የሚነድ ነገር እስካለ ድረስ በብርዱም ቢሆን መስኮት ገርበብ ይበል። የበር ስሩ ጨርቅም ይነሳ።

የቀዘቀዘ ሲሊንደርን በእሳት ማሞቅ

በውርጭ ጠዋት ነበልባሉ ይደክማል። ሲሊንደሩን ሲነኩት በረዶ ነው። ሲያነሱት ግን ከባድ ነው፣ ጋዝ አለው። ምክንያቱ ቡቴን ነው። ቡቴን ከፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ካለ ሙቀት ጀምሮ ነው፤ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ቅልቅሉ ውስጥ ቡቴን ከበዛ ጠዋት ግፊቱ ይወርዳል። ፈሳሹ ሲተንም ሙቀት ስለሚወስድ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ታዲያ አንዳንዱ ሲሊንደሩን ከሰል አጠገብ ያስጠጋል፤ ሌላው የፈላ ውሃ ያፈስበታል። እባክዎ አያድርጉት። ሲሊንደር ሲሞላ ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ነው የሚሞላው። የቀረው ቦታ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያ ቦታ ያልቃል፤ ግፊቱም በድንገት ይጨምራል። የተሻለው ከአንድ ምድጃ በላይ አለመለኮስ፣ ነበልባሉን ዝቅ ማድረግ፣ ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሞቅ እስኪል ከባዱን ማብሰል ማቆየት ነው።

አስተኝቶ መጫን

ሲሊንደር ሁልጊዜ ይቁም። ሲተኛ ፈሳሹ ራሱ ወደ ቫልቩ ይመጣል። ፈሳሹ ከወጣ ደግሞ ጋዝ ሆኖ ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል። «ሊያልቅ ነው» ብሎ ምድጃው እየነደደ ማስተኛትና መናጥም እዚያው ስህተት ላይ ይጥላል።

ጣርማ በርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያሰጋል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ነው የሚገቡት። የፕሮፔን ሙቀት ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ግፊቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ሰው በተጫነበት ዝግ መኪና ውስጥ ሲሊንደር አይጫን። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱም ፀሐይ ላይ ወይም በቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ መጋዘን ውስጥ አይተዉት።

በክብሪት መፈተሽ

ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ነገር የሚመስል ሽታ ማምለጡ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የተጨመረ ኬሚካል ነው። «ትንሽ ትንሽ ይሸታል፣ ለምደነዋል» የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

መፈተሻው የሳሙና አረፋ ነው። ሬጉሌተሩ ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ መጋጠሚያው ላይ ይቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ያረጀ ጎሚኒ ነው፤ በላስቲክና በፕላስተር ጠምጥሞ መቀጠል መፍትሔ አይሆንም። ሌሊት ሽታው ካነቃዎት መብራት አያብሩ፤ የበራም ካለ አያጥፉ፤ ክፍሉ ውስጥ ሆነው ስልክ አይደውሉ። ማብሪያ ማጥፊያው የሚረጨው ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ። ስልኩ ውጭ ይደወላል።

ከትልቅ ሲሊንደር ወደ ትንሽ ቤት ውስጥ መገልበጥ ደግሞ በምንም መንገድ አይሞከር። ምን ያህል እንደሞላ መለኪያ የለዎትም።

«የተፈጥሮ ስለሆነ ንጹህ ነው» ማለት

የተፈጥሮ ጋዝ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋይ ከሰል በግማሽ ገደማ ያንሳል። ይህ እውነት ነው። ሳይነድ ካመለጠ ግን ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ አየሩን ያሞቃል። በሚሊዮን ዓመታት የተፈጠረም ስለሆነ ካለቀ አይተካም።

ይህን ሰምቶ ወደ ኩበት መመለስም ሌላ ስህተት ነው። የኩበት ጭስ የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ማሳው ማግኘት የነበረበትን ፍግም እሳት ይበላዋል። ከብት ላለው የሰሜን ሸዋ ገበሬ ባዮጋዝ ከሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከእበቱ ጋዙ ይወጣል፤ ዝቃጩም ለማሳው ይተርፋል። ባዮጋዝም ከግማሽ በላዩ ሚቴን ነው። ስለዚህ ባዮጋዝ ያለበት ማድ ቤት ከጣሪያው ሥር መተንፈሻ ያስፈልገዋል።

የባዮጋዝና የሲሊንደር ምድጃ ግን አይለዋወጡም። ባዮጋዝ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ የምድጃው የጋዝ ቀዳዳ ሰፊ ነው። የሲሊንደር ጋዝ በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ከገባ ነበልባሉ ከድስቱ በላይ ይወጣል፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመጣል። ምድጃ ሲገዙ ቤትዎ ያለው ጋዝ የትኛው እንደሆነ ለሻጩ ይንገሩ፤ ለዚያው የተሠራውን ይውሰዱ።