አንድ ድምፅ ውስጥ መግባት፦ የጃቺንቶ ሼልሲን ሙዚቃ እንዴት ማዳመጥ ይቻላል?

ጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ ጃቺንቶ ሼልሲን (1905–1988 እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዜማው የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ስከፍተው ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው አስጀምሬዋለሁ። ሼልሲ አንድ ድምፅ ይዞ ውስጡን የሚመረምር ደራሲ ስለሆነ፣ አድማጩም ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቁን ትቶ በሚሰማው ድምፅ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ መከታተልን መልመድ ይኖርበታል።

ሙዚቃውን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ደቂቃ የሚበቃው ልምምድ ያድርጉ። በሚመችዎ ከፍታ አንድ ድምፅ ያውጡ፤ ሳይወጡና ሳይወርዱ አፍዎን ከ«ኡ» ወደ «ኦ»፣ ከዚያ ወደ «አ»፣ በመጨረሻም ወደ «ኢ» ቀስ አድርገው ይለውጡ። ከፍታው ያው ሆኖ ሳለ የድምፁ ቀለም ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲሄድ ይሰማዎታል፤ ይህም የሚሆነው በአንድ ድምፅ ውስጥ ተደራርበው የሚገኙት ቀጫጭን ድምፆች እንደ አፍ ቅርጽ ስለሚጎሉና ስለሚደበዝዙ ነው። ሌላውን ነገር ደግሞ ጊታር የቃኘ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ክሮች ሊገጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ክር በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 443 ጊዜ ቢርገበገቡ፣ ጆሮ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመታ ሞገድ ይሰማል። ሼልሲ የሚሠራው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ወፍራሞቹን ድምፆች ስለሚያስቀር ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ መያዝ ግድ ነው።

መጀመሪያ በ1959 የተጻፉትን «አራት ቁርጥራጮች በአንድ ኖታ ላይ» የተባሉትን ይክፈቱ። ሥራው ለ26 ተጫዋቾች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አራቱ ክፍሎች በየተራ በፋ፣ በሲ፣ በላ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ላ) እና በላ ላይ የቆሙ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ድምፁ ከየትኛው መሣሪያ ወደ የትኛው እንደተላለፈ ብቻ ይከታተሉ፤ በሁለተኛው ዙር ኖታው ከመሃሉ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚመለስባቸውን ቅጽበቶች ይፈልጉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መከታተል ለጀማሪ አይሆንም። (ስሙን በድረ ገጽ ሲፈልጉ በላቲን ፊደል «ኤስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤስ፣ አይ» ተብሎ እንደሚጻፍ ያስታውሱ፤ እኔ እንደ አነባበቡ ስጽፈው ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ።)

ከዚህ በኋላ ከሥራው እኩል ተጫዋቹን መምረጥ ያስፈልጋል፤ በሼልሲ ዘንድ ይህ ከሌሎች ደራስያን የበለጠ ይመዝናል። ሼልሲ ሮም በሚገኘው ቤቱ በፒያኖና ኦንዲዮላ በተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ያለ ጽሑፍ እየተጫወተ በቴፕ ይቀዳ ነበር፤ ቴፑን አዳምጠው ወደ ኖታ የሚገለብጡት ሌሎች ሲሆኑ፣ ዋነኛው ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቪዬሪ ቶሳቲ ነበር። ቶሳቲ ሼልሲ ከሞተ በኋላ እውነተኛው ደራሲ እኔ ነኝ በማለቱ ትልቅ ክርክር ተነሥቷል። ያም ሆነ ይህ መነሻው ወረቀት ሳይሆን ድምፅ ስለነበረ፣ ከሼልሲ አጠገብ ተቀምጠው የሠሩ ተጫዋቾች የቀዱት ድምፅ ኖታው ላይ ያልሰፈረ ነገር ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ከእነዚህ መካከል ጃፓናዊቷ ድምፃዊት ሚቺኮ ሂራያማ ትቀድማለች። 20 መዝሙሮች ያሉት «ካንቲ ዴል ካፕሪኮርኖ» በእርሷ ድምፅ ተለክቶ የተሠራ ሲሆን፣ ትርጉም ያለው ግጥም የለውም፤ የሚሰሙት ፊደላትና ትንፋሽ ብቻ ናቸው። ሂራያማ ዕድሜዋ ከ80 ካለፈ በኋላም ሥራውን እንደገና ቀድታዋለች፤ ሁለቱን ቅጂዎች አጠገብ ለአጠገብ ማዳመጥ ትልቅ ትምህርት ነው። ለቼሎ የተጻፈውን «ትሪሎጂያ» ፍራንሲስ ማሪ ዊቲ፣ አምስቱን የክር ኳርቴቶች (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፉ ሥራዎች) ደግሞ አርዲቲ ኳርቴት የተባለው የአራት ሰዎች ቡድን ሲጫወቱ ያዳምጡ። በ1961 የተጻፈው ሁለተኛው ኳርቴት ክሮቹን እንዲያንዛዝር ብረት ይገጠምበታል፤ በበገና በርኩማና በክሩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረውን ንዝረት የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ እንግድነት አይሰማውም። የኔ ጆሮ የተከፈተው በዚህ ቦታ ነው።

አራተኛው ኳርቴት በ1964 የተጻፈ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክር የራሱ የኖታ መስመር አለው፤ ስለዚህ 4 ሰዎች 16 ድምፅ ይዘው ቀስ በቀስ ሲወጡ ይሰማል። መሃል ላይ አያቋርጡት፤ ካቋረጡ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ከእርሱ ቀጥሎ ለቫዮሊንና ለ18 መሣሪያዎች የተሠራውን «አናሂት» (1965) ያዳምጡ፤ ሃንስ ዜንደር ክላንግፎሩም ዊን የተባለውን የቪየና ቡድን እየመራ የቀዳው ግልጽነቱ ደስ ይላል። መካከል ላይ ቫዮሊኑ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ድረስ ሌሎቹ መሣሪያዎች ምን ያህል ተሸክመውት እንደነበር የሚታወቀው ሲተዉት ነው።

ለዘማሪ ቡድንና ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈውን «ኮንክስ ኦም ፓክስ» (1969) ግን በጆሮ ማዳመጫ አይሞክሩት። ዘማሪዎቹ በመጨረሻው ክፍል «ኦም» የሚለውን ቃል ይዘው ሲነሡ ድምፁ ክፍሉን መሙላት ስላለበት፣ ትልልቅ ማጉያ ያለው ወዳጅ እስኪያገኙ ድረስ ያቆዩት።