ክሪኬት ሲያዩ የቴሌቪዥን ዳኛውን ውሳኔ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ሻርጃ ውስጥ በሆቴል ወጥ ቤት ለሚሠራ ሰው ክሪኬት የማይቀር ነገር ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ከህንዷ ኬረላና ከፓኪስታኗ ፔሻዋር የመጡ ናቸው። ህንድና ፓኪስታን የሚጋጠሙ ዕለት በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል መቀመጫ አይገኝም። እኔ እግር ኳስ እያየሁ ያደግሁ ነኝ፤ ዛሬ ግን ክሪኬትን ከልቤ እወደዋለሁ። የወደድኩትም ሕጉን ሁሉ አጥንቼ አይደለም። ጉዳዩ ምስሉን ደጋግሞ አይቶ ለሚፈርደው የቴሌቪዥን ዳኛ ተመርቶ ስክሪኑ ላይ ሦስት መልሶች የሚወጡበትን ጊዜ ማንበብ ስለቻልኩ ነው። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው የቀረውን ጨዋታ ቀስ በቀስ ይደርስበታል። እኔም የማሳያችሁ ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሜዳውን እንወቅ። መሐል ላይ ያለው ጠባብና ረጅም መሬት ፒች ይባላል፤ በሁለቱ ጫፎች ባሉት እንጨቶች መካከል ያለው ርቀት 20 ሜትር ከ12 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ሦስት ሆነው የቆሙት እነዚህ እንጨቶች ስተምፕ ይባላሉ። ቁመታቸው 71 ሴንቲ ሜትር፣ የሦስቱ ስፋት አንድ ላይ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በላያቸው ቤይል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ይቀመጣሉ። ወርዋሪው ስተምፑን በኳስ መትቶ ቤይሉን ለመጣልና መቺውን ከጨዋታ ለማስወጣት ይሞክራል፤ መቺው ባት በሚባለው የእንጨት መምቻው ይከላከላል፣ ሲመቸውም መትቶ ራን የሚባለውን ነጥብ ይሰበስባል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። ለጊዜው ይህ ይበቃል።

ጭቅጭቁ የሚነሣው ኳሷ ባቱን ስታ የመቺውን እግር ስትመታ ነው። እግሩ ላይ የታሰረው ወፍራም መከላከያ ፓድ ይባላል። ፓዱ ባያግዳት ኖሮ ኳሷ ስተምፑን ትመታ ነበር ወይ? በዚህ ምክንያት መቺው ሲወጣ ኤል ቢ ደብሊው ይባላል። ወርዋሪውና ጓደኞቹ ወደ ዳኛው ዞረው ይጮኻሉ፤ ካልጠየቁት ዳኛው አይፈርድም። ጣቱን ወደ ላይ ካነሣ መቺው ወጥቷል ማለት ነው። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ሲወረውር ኳሷ መቺው ጋር የምትደርሰው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ዳኛው በዚያች ቅጽበት ያየውን ይዞ መፍረድ አለበት።

ሁለት ቃላት የግድ ያስፈልጋሉ፤ ኦፍና ሌግ። መቺው ጎኑን ወደ ወርዋሪው ሰጥቶ ይቆማል። ደረቱ የሚያይበት ወገን ኦፍ ነው፤ ጀርባውን የሰጠው ወገን ሌግ ነው።

አሁን ወደ ዲ አር ኤስ እንግባ። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት በ2009 ሥራ ላይ ያዋለው ውሳኔን እንደገና የማስመርመር ሥርዓት ነው። የወርዋሪው ቡድን አምበል ወይም መቺው በ15 ሰከንድ ውስጥ እጆቹን በቲ ፊደል ቅርጽ አነባብሮ ይጠይቃል። ኋላ ከማነሣው አንድ ሁኔታ በቀር፣ ጥያቄው ተቀባይነት ካጣ ቡድኑ ካለው የተወሰነ የማስመርመር ዕድል አንዱ ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ የወርዋሪው የፊት እግር ይታያል። ከእግሩ ጥቂቱ እንኳ በስተምፑ ፊት ከተሰመረው መስመር ወደኋላ ካልሆነ ውርወራው ኖ ቦል፣ ማለትም ሕገ ወጥ ውርወራ ነው፤ ምርመራውም እዚያው ያበቃል። ቀጥሎ አልትራ ኤጅ ይመጣል። ይህ በስተምፑ አጠገብ ያለው ማይክሮፎን የቀዳው ድምፅ በመስመር ተሥሎ ከምስሉ ጋር ተገጣጥሞ የሚታይበት ነው። ሰዎች መስመሩ ዘለል ሲል አይተው ብቻ «ነክታዋለች!» ይላሉ። እናንተ ግን ኳሷን ተመልከቱ። መስመሩ የዘለለው ኳሷ ልክ ባቱ አጠገብ ስትደርስ ነው? ወይስ ባቱ መሬት ሲነካ፣ ወይም ፓዱን ሲመታ? የባት ጠርዝ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ሹል ነው፤ የፓድ ድምፅ ወፈር ይላል። ኳሷ መጀመሪያ ባቱን ከነካች ኤል ቢ ደብሊው የሚባል ነገር የለም። በሙቀት ካሜራ የሚሠራው ሆት ስፖትም ለዚሁ ያገለግላል፤ ውድ በመሆኑ ግን በብዙ ጨዋታዎች አታገኙትም።

የመጨረሻው ሃውክ አይ ነው። የእንግሊዙ ፖል ሃውኪንስ የፈለሰፈው ሲሆን በክሪኬት ስርጭት ላይ የታየው በ2001 ነው። በሜዳው ዙሪያ የተተከሉ ካሜራዎች ኳሷን ከወርዋሪው እጅ ጀምሮ ይከተሏታል፤ ኮምፒውተሩም መንገዷን አስልቶ ከፓዱ በኋላ የት ትሄድ እንደነበር ይተነብያል። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሣጥኖች ይወጣሉ፤ አንድ በአንድ አንብቧቸው።

የመጀመሪያው ኳሷ መሬት የነጠረችበት ቦታ ነው። «አውትሳይድ ሌግ» ካለ፣ ማለትም ከስተምፑ መስመር ውጭ በሌግ በኩል ከነጠረች፣ መቺው አይወጣም። ሌላውን ማየት አያስፈልግም። ሁለተኛው ፓዱን የመታችበት ቦታ ነው፤ ከስተምፑ መስመር ውጭ በኦፍ በኩል ከሆነና መቺው ከልቡ ለመምታት ሞክሮ ከነበረ ይድናል። ሦስተኛው ስተምፑን መምታቷ ነው።

በ2011 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሞሃሊ ላይ ህንድና ፓኪስታን ሲጋጠሙ የህንዱ ሳቺን ቴንዱልካር 23 ራን ላይ እያለ በፓኪስታኑ ሰዒድ አጅማል ውርወራ በኤል ቢ ደብሊው ወጥቷል ተባለ። አስመረመረ። ሃውክ አይ ኳሷ የሌግ ስተምፕን ስታ ታልፍ እንደነበር አሳየ። ተመልሶ 85 ራን አደረሰ፤ ህንድም አሸነፈች። የፔሻዋሩ ባልደረባዬ ያ ትንበያ ትክክል አልነበረም ብሎ ዛሬም ይከራከራል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያማርርበት፣ እኔ ግን አጥብቄ የምደግፈው ነገር ላይ ደረስን፤ አምፓየርስ ኮል፣ ማለትም «የዳኛው ውሳኔ»። ኳሷ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አላት። በትንበያው መሠረት ስተምፑን የምትነካው ከግማሽ በታች በሆነ አካሏ ከሆነ የሜዳው ዳኛ ያለው ይጸናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምስል አይታችሁ አንዱ መቺ ሲወጣ ሌላው ሲቀር ብታዩ አትናደዱ፤ መጀመሪያ ዳኛው ምን ብሎ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። እስከ ፓዱ ድረስ ያለው መንገድ ካሜራ ያየው ነው፤ ከፓዱ ወዲያ ያለው ስሌት ነው። ስሌት ደግሞ በጠርዝ ላይ ሊስት ይችላል። ማሽኑ ያየውንና የገመተውን ለይቶ መናገሩ ለእኔ ከፍ ያለ ሐቀኝነት ነው። ለዚህም ነው ውሳኔው አምፓየርስ ኮል ሲሆን ቡድኑ ዕድሉን የማያጣው።

የዕድሎቹን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አትዘንጉ። በአምስት ቀኑ የቴስት ጨዋታ ለእያንዳንዱ ኢኒንግስ (የአንድ ቡድን የመምቻ ተራ) ሦስት፣ በአጫጭሮቹ ሁለት ናቸው። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ በሄዲንግሊ ሜዳ አውስትራሊያ የመጨረሻ ዕድሏን በእንግሊዙ መቺ በጃክ ሊች ላይ አቃጠለች፤ ኳሷ የነጠረችው ከሌግ ውጭ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሣጥን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም ነበር። በሚቀጥለው ኦቨር የአውስትራሊያው ኔተን ላየን የወረወራት ኳስ የእንግሊዙን የቤን ስቶክስን ፓድ መታች። እንግሊዝ ለማሸነፍ ሁለት ራን ቀርቷታል። ዳኛው አልወጣም አለ፤ ሃውክ አይ ግን ስተምፑን ትመታ እንደነበር አሳየ። የሚጠየቅበት ዕድል አልነበረም፤ አውስትራሊያ በአንድ ዊኬት፣ ማለትም አንድ መቺ ብቻ ማስወጣት ሲቀራት ተሸነፈች።

ለመለማመድ በሦስት ሰዓት ገደማ የሚያልቀውን ባለ 20 ኦቨር ጨዋታ ምረጡ። ኳሷ ፓድ በመታች ቁጥር ዳኛው ሳይፈርድ የነጠረችበትን፣ የመታችበትንና የምትሄድበትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የነጠረችበትን ማየት ከሁሉ ይከብዳል፤ ዓይናችሁን ከመቺው አንሥታችሁ መሬቱ ላይ አድርጉ። መቺው ግራኝ ከሆነ ኦፍና ሌግ ቦታ ስለሚለዋወጡ በእያንዳንዱ ውርወራ ፊት ማን እንደቆመ አስቀድማችሁ ለዩ።